የእንጨት እጀታ ያለው ሰንጢ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን ሰንጢ የሚያስወድዱትም የሚያስመርሩትም ነገሮች ያው ናቸው፦ እጀታው እንጨት መሆኑና ክፍሎቹ ጥቂት መሆናቸው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው እዚያው ይደርሳሉ። በምሳሌነት የያዝነው የፈረንሳዩን ኦፒኔል ነው፤ በብዛት የሚገኘው እሱ ስለሆነና ጠባዩም ለሌሎቹ መለኪያ ስለሚሆን። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኦፒኔል የምትሉት የትኛውን ሰንጢ ነው?

በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በአልፕስ ተራሮች ውስጥ በሚገኘው የሳቮአ አገር ዦዜፍ ኦፒኔል በ1890 መሥራት የጀመረውን ነው። አባቱ ለገበሬው መጥረቢያና መግረዣ የሚቀጠቅጥ አንጥረኛ ነበር፤ ልጁ ደግሞ ኪስ የሚገባ፣ ገበሬ የሚችለው ዋጋ ያለው ሰንጢ ላይ አተኮረ። በ1897 ከቁጥር 1 እስከ ቁጥር 12 ያሉትን መጠኖች አወጣ። ቁጥር 1 እና ቁጥር 11 በ1930ዎቹ ቀሩ፤ ሌሎቹ እስከ ዛሬ ይሠራሉ።

ስለቱ ላይ የሚታየው ዘውድ የደፋ እጅ በ1909 የተመዘገበ ምልክት ነው። እጁ የተወሰደው በአካባቢው ካለችው ከሴን ዣን ደ ሞሪየን ከተማ ዓርማ ነው። ከተማዋ የተሰየመችው በመጥምቁ ዮሐንስ ስም ሲሆን፣ የቅዱሱ ጣቶች በቤተ ክርስቲያኗ እንዳሉ በትውፊት ይነገራል። ዘውዱ የሳቮአ መሳፍንት ነው።

ስንት ክፍል አለው?

አምስት። ስለቱ፣ እጀታው፣ ከእጀታው አናት ላይ የማይንቀሳቀሰው የብረት ቀለበት፣ ስለቱን ይዞ የሚያሽከረክረው ሪቬት፣ ከላይ ደግሞ የሚዞረው ማቆለፊያ ቀለበት። ውስጡ ሞላ የለም፣ ብሎን የለም፣ ጎንና ጎኑን የሚሸፍን የብረት ሳንቃም የለም።

ማቆለፊያው ቀለበት በ1955 የተጨመረ ነው። ከዚያ በፊት ስለቱን ከፍቶ የሚያቆየው የእንጨቱ ጥበት ብቻ ስለነበር፣ ሰው ጫን ሲል ጣቱ ላይ ይታጠፍ ነበር። ቀለበቱ አንድ ክፍተት አለው፤ ክፍተቱ ከእጀታው ቦይ (ስለቱ ሲታጠፍ ከሚገባበት ስንጥቅ) ጋር ሲገጥም ስለቱ ይታጠፋል፣ ዞር ሲያደርጉት ግን የስለቱን መሠረት ከኋላ ይደግፋል። ከ2000 ወዲህ የተሠሩት ስለቱ ሲታጠፍም ይቆለፋሉ፤ ስለዚህ ኪስ ውስጥ በራሱ አይከፈትም። ከቁጥር 2 እስከ 5 ያሉት ትንንሾች ማቆለፊያ የላቸውም።

ሰው ይህን ያህል የሚወደው ለምንድን ነው?

መጀመሪያ ስለቱ ስስ ነው። ብዙ ዘመናዊ ሰንጢዎች ጠንካራ ይመስላሉ እንጂ ስለታቸው ወፍራም ስለሆነ ካሮት ወይም ፖም ሲቆርጡ ይሰነጥቁታል እንጂ አይቆርጡትም። ይኼኛው ቲማቲምን ሳይጨፈልቅ በስስ ይከትፋል፤ የሽንኩርት ልጣጭም ሳይንሸራተት ይገባል።

ሁለተኛው ክብደቱ ነው። ቁጥር 8 ከ50 ግራም በታች ነው፤ ኪስ ውስጥ መኖሩ ይረሳል። ሦስተኛው እጀታው ነው። ክብ ስለሆነ በየትኛውም አያያዝ መዳፍን አይጎረብጥም፤ ብዙ ሰዓት እንጨት ሲቀርፁበት ልዩነቱ ይታወቃል። ብርድ ላይም እንጨት እንደ ብረት እጅ አያቃጥልም።

ዋጋውም አለ፦ ቢች ከሚባል የአውሮፓ ዛፍ እንጨት የተሠራ እጀታ ያለው ተራው ሰንጢ በአውሮፓ በአብዛኛው ከ20 ዩሮ በታች ነው። ለንደን ያለው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ1985 ከዓለም መቶ ውብ ምርቶች ተርታ የመደበው ይህንኑ ርካሽ ዕቃ ነው። ይገባዋል እንላለን፤ ከላዩ ላይ የሚቀነስ ነገር የለውም።

ታዲያ ጉድለቱ ምንድን ነው?

ትልቁ ውኃ ነው። እጀታው ከአንድ ወጥ እንጨት ተጠርቦ መሐሉ ላይ ቦይ የተቀደደለት ነው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥ ቦዩ ይጠብና ስለቱን እንደ ፒንሳ ይይዘዋል። በተለይ ሪቬቱ አጠገብ ያለው እንጨት ቃጫው ተቆርጦ አፉ ክፍት ስለሆነ ውኃ ቶሎ ይስባል። በክረምት በዝናብ ውስጥ ግማሽ ቀን ኪስ ውስጥ ከዋለ፣ ወይም ከሳህን ጋር ተዘፍዝፎ ከቆየ፣ ማታ አልከፈት ይላል።

ሌላው መክፈቻው ነው። ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ቀለበቱን ማዞር፣ ከዚያ በጥፍር ጎትቶ ማውጣት፣ ከዚያ እንደገና መቆለፍ። አንድ እጁ በገመድ ወይም በቅርንጫፍ ለተያዘ ሰው ይህ ሰንጢ አይረዳውም። ቀለበቱን መቆለፍ የሚረሳ ሰውም አለ፤ ያልተቆለፈ ኦፒኔል ማቆለፊያ እንደሌለው ነው የሚቆጠረው።

ጫፉ ስስ ስለሆነ ቆርቆሮ መክፈት፣ ክዳን መፈንቀል፣ ብሎን መፍታት አይችልም፤ ይሰበራል። በጀርባው ላይ በመዶሻ ወይም በዱላ እየመቱ እንጨት መፍለጥም አይቻልም፣ ምክንያቱም ኃይሉን ሁሉ የሚሸከመው ሪቬቱና ስሱ የእጀታ ጎን ስለሆነ ነው፤ ቀድሞ የሚሰነጠቀው እጀታው ይሆናል። አሸዋና የዳቦ ፍርፋሪም ቦዩ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ስለቱ ሲታጠፍ እዚያ ላይ አርፎ ይደንዛል።

እርጥበት ገብቶበት አልከፈት ቢለኝስ?

በፒንሳ ስለቱን አይጎትቱ፤ ጠርዙ ይጎዳል፣ ከተንሸራተተም እጅ ይቆርጣል። አገሬው ራሱ ለዚህ ዘዴ አለው፣ ስሙም «የሳቮአ ሰው ምት» ነው። ቀለበቱን ወደ ክፍቱ አቅጣጫ ያዙሩ። እጀታውን ከቀለበቱ በኩል ይያዙ፣ ጣቶችዎን ከቦዩ አፍ ያርቁ፣ ቦዩን ወደ ታች አድርገው የእጀታውን ጭራ ጠረጴዛ ላይ ጠንከር አድርገው መታ ያድርጉ። ስለቱ በራሱ ክብደት ጥቂት ብቅ ይላል፤ ከዚያ በጥፍር ይወጣል።

ከወጣ በኋላ ስለቱን ጠርገው፣ ግማሽ ተከፍቶ እንዳለ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቦታ አንድ ሁለት ቀን ያቆዩት። ፀሐይ ላይ፣ ምድጃ ዳር ወይም ኦቨን ውስጥ ማድረቅ ትልቅ ስሕተት ነው፤ እንጨቱ ከውጭ ቶሎ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ስለሚሆን ይሰነጠቃል።

ደርቆም ከጠበቀ ጥፋቱ የቦዩ ነው። 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በስስ የብረት ማስመሪያ ላይ ጠቅልለው ሁለቱን የቦይ ግድግዳዎች እኩል ይፈግፍጉ፣ በተለይ ወደ ሪቬቱ ያለውን። አሥር ጊዜ ያህል ፈግፍገው ይሞክሩት፤ ካልበቃ ይድገሙ። ብዙ ከወሰዱ ስለቱ ይወላገዳልና እንጨት መልሶ ማብቀል አይቻልም።

እንዳያብጥ አስቀድሞ ማድረግ የሚቻል ነገር አለ?

አለ፣ ደግሞም ከአንድ ምሽት በላይ ሥራ አይወስድም። ተራው የቢች እጀታ ከፋብሪካ ሲወጣ ቫርኒሽ ተቀብቶ ነው፤ ከውጭ ውኃ ቶሎ አያስገባም። ደካማው ቦታ ውስጡ ነው።

ለውስጡ ቫዝሊን ይበቃል። አንድ ሁለት ማንኪያ ቫዝሊን በትንሽ ጣሳ አድርገው ጣሳውን በሙቅ ውኃ ውስጥ ያስቀምጡ፤ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣዱት። ሲቀልጥ ሰንጢውን ግማሽ ከፍተው የሪቬቱን አካባቢ እዚያ ውስጥ ይንከሩ፣ እየከፈቱና እየዘጉ አሥር ደቂቃ ያህል ያቆዩት፣ ከዚያ አውጥተው ይጥረጉ። ቫዝሊኑ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ሲረጋ ለውኃ ቦታ አይተውም፤ ስለቱም እየተንሸራተተ ይከፈታል።

የእጀታውን ውጭ መቀየር ለሚፈልግ ደግሞ የተልባ ዘይት የሚያህል የለም። ቫርኒሹን በ120፣ ከዚያ በ240፣ በመጨረሻ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ያንሱት። ለምግብ የሚሆነውን ንጹሕ የተልባ ዘይት በጨርቅ በስሱ ይቀቡ፣ ሃያ ደቂቃ ቆይተው እንጨቱ ያልጠጣውን ሁሉ ይጥረጉ። ሦስት አራት ቀን ጠብቀው ይድገሙ፤ ሦስት ቅብ ይበቃል። አብዝቶ መቀባት አያስደርቀውም፤ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ቆዳ ይተዋል። ቀለም ቤት «የተቀቀለ» ተብሎ የሚሸጠው የተልባ ዘይት ማድረቂያ ኬሚካል ስላለበት ምግብ ለሚነካ ዕቃ አይሁን። የወይራ ፍሬ ዘይትም አይጠቅምም፤ አይደርቅም፣ ሲቆይም ይሻግታል።

ልብ ይበሉ፦ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨምድዶ ከተጣለ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ደጅ ላይ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ነክረው ይጣሉት።

የሚዝገውን ልግዛ ወይስ የማይዝገውን?

ስለቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ይዩ። «ካርቦን» የሚለው የሚዝገው፣ «ኢኖክስ» የሚለው የማይዝገው ነው። የመጀመሪያው 0.9 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው ጠንካራ አረብ ብረት ነው፤ ቶሎ ይሳላል፣ ስለቱም ረጅም ጊዜ ይቆያል። ሁለተኛው 12ሲ27 የሚባል የስዊድን ብረት ነው፤ ካርቦኑ ያንሳል፣ ከ13 በመቶ በላይ ክሮሚየም ስላለበት ዝገትን ይቋቋማል።

ለወጥ ቤት፣ ለጉዞ ምግብ፣ ለባሕር ዳርቻና ማድረቅ ለሚረሳ ሰው ኢኖክስ ይሻላል። እንጨት ለሚቀርፅ፣ ገመድና ካርቶን ለሚቆርጥ፣ ስለት መሳል ለሚወድ ሰው ካርቦኑ ይሻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ቢጠይቀን ኢኖክሱን እንመክራለን። የእንጨቱን ጠባይ ሲማር ከብረቱ ጋር ደግሞ እንዳይታገል።

ካርቦኑ ሎሚ ቆርጬበት ጠቆረ። ተበላሸ?

አልተበላሸም። ሎሚ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ብረቱን ግራጫ ወይም ሰማያዊ ያደርጉታል። ይህ ስስ ሽፋን ነው፣ ከቀይ ዝገት በተወሰነ ደረጃም ይከላከላል። በጣት ሲያሹት እጅ የማያቀልም፣ ለስላሳ ከሆነ ይተዉት። ቀይ ቡናማ ሆኖ ጣት ላይ ዱቄት የሚተው ግን ዝገት ነው፤ በዘይት ነክረው በደቃቅ የብረት ሱፍ ያሹት፣ ከቆየ ብረቱን እየቆፈረ ይሄዳል።

ጥቁረቱ በነጠብጣብ ሳይሆን እኩል እንዲወጣ የሚፈልግ ሰው ስለቱን በሳሙና አጥቦ ቅባቱን ካጠፋ በኋላ ሞቅ ባለ ኮምጣጤ ውስጥ አሥር ደቂቃ ይንከረው፤ ኮምጣጤው ግን ሪቬቱና እንጨቱ ጋ እንዳይደርስ። መጀመሪያ በሚጠቀሙባቸው ቀናት የቆረጡት ፍሬ የብረት ጣዕም ቢኖረው አይደንግጡ፤ ሽፋኑ ሲጠና ይጠፋል።

እንዴት ይሳላል?

1000 ቁጥር የመሳያ ድንጋይ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። የውኃ ድንጋይ ከሆነ አሥር ደቂቃ ይንከሩት። ሰንጢውን ከፍተው ይቆልፉ፤ ሳይቆለፍ መሳል ጣት ያስከፍላል።

ከድንጋዩ ጋር የሚኖረው ማዕዘን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ነው። ማዕዘኑን በዓይን መገመት ለሚከብደው፦ የስለቱ ወርድ 2 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጀርባውን ከድንጋዩ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ነው። ይህን ከፍታ ይዘው፣ ከድንጋዩ ላይ ስስ ልጣጭ የሚያነሱ መስለው፣ ከመሠረቱ እስከ ጫፉ ወደ ፊት ይግፉት። አንዱን ጎን ብቻ ይሳሉ። ቆይቶ በሌላው ጎን በኩል አውራ ጣትዎን ከጀርባው ወደ ጠርዙ (በጠርዙ ርዝመት አይደለም) ሲያንሸራትቱ የሚቧጥጥ ነገር ያገኛሉ፤ ወደ ማዶ የታጠፈ ስስ ብረት ነው። በጠቅላላው የስለቱ ርዝመት ላይ እስኪገኝ ድረስ ጎን አይቀይሩ። ብዙ ሰው «ስዬው አልተሳለም» የሚለው እዚህ ላይ ስለሚቸኩል ነው።

ከዚያ ሌላውን ጎን በዚያው ልክ ይሳሉ፤ በመጨረሻም እየቀያየሩ አንድ አንድ ጊዜ በለሆሳስ ያስኪዱት። የቀረውን የታጠፈ ብረት በቀበቶ ቆዳ ውስጠኛ ገጽ ላይ ወደ ኋላ እየጎተቱ ያራግፉት፣ በየጎኑ ሃያ ጊዜ። ቲማቲም ላይ ሳይጫኑ አሳርፈው ሲጎትቱት ከገባ በቅቷል።

ድንጋይ በሌለበት የሲኒ ቂጥ ይሠራል። ከሥር ያለው ቀለበት መስታወታማ ቅብ የሌለው ሻካራ ሸክላ ነው፤ ለመጠገን ያህል በየጎኑ አሥር ጊዜ ማስኬድ የደነዘውን ይመልሳል። በሞተር የሚሽከረከር ድንጋይ ላይ ግን አይስጡት፤ ስሱ ስለት በሴኮንዶች ግሎ ሰማያዊ ይሆንና ጥንካሬውን ያጣል።

የትኛውን ቁጥር ልምረጥ?

የስለቱ ርዝመት በሳንቲ ሜትር፦ ቁጥር 6 ሰባት፣ ቁጥር 7 ስምንት፣ ቁጥር 8 ስምንት ተኩል፣ ቁጥር 9 ዘጠኝ፣ ቁጥር 10 አሥር፣ ቁጥር 12 አሥራ ሁለት ነው። ለመካከለኛ እጅ ቁጥር 8፣ ለትልቅ እጅ ቁጥር 9። ዳቦና ሐብሐብ ለሚቆርጥ ቁጥር 10 ይመቻል፤ ከዚያ በላይ ያለው ኪስ ውስጥ ይከብዳል። ከቢች ሌላ በወይራ እንጨት የተሠሩም አሉ፤ ወይራ ጠጣርና ቅባታም እንጨት ስለሆነ ከቢች ይልቅ ውኃ ይቋቋማል፣ መልኩም ያምራል፤ ዋጋው ግን ይጨምራል።

ለቁርጥ ሥጋ ይሆናል?

ለመቁረጥ ሸጋ ነው፤ ጮማውንም ቀዩንም በአንድ ስበት ይለያል። ችግሩ ከበሉ በኋላ ነው። ስቡና ደሙ በሪቬቱና በቦዩ ውስጥ ይገባል፣ ዘፍዝፎ ማጠብ ደግሞ አይቻልም፤ ጥሬ ሥጋ ለሚነካ ዕቃ ይህ አያስተማምንም። ለቁርጥ የማይታጠፍ ቢላ ይያዙ። ግድ ከሆነ ስለቱን ወደ ታች ይዘው በሙቅ ውኃና በሳሙና ስለቱን ብቻ ይጠቡ፣ ቦዩን በሳሙና በተነከረ የጥርስ ብሩሽ ይፈግፍጉ፣ ወዲያው አድርቀው ክፍት አድርገው ያሳድሩት። በዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ በፍጹም አይገባም።

ለልጅ ይሰጣል?

ጫፉ ክብ ሆኖ ለልጆች የተሠራ ቁጥር 7 አለ። ማቆለፊያ ያለውን ብቻ ይስጡ፤ አዋቂ አጠገቡ ይሁን፤ መጀመሪያ የሚማረው ደግሞ መቁረጥን ሳይሆን ቀለበቱን ማዞር ይሁን።

ማቆለፊያው ቀለበት ላላ፣ ወይም አልዞር አለ።

አልዞር ካለ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ በብሩሽ አጽድተው አንድ ጠብታ ዘይት ያድርጉበት። ከላላ ክፍተቱን በልዩ የቀለበት መክፈቻ ፒንሳ ከፈት አድርገው ወደ ስለቱ አቅጣጫ ያውጡት፣ በእጅ ጥቂት ጠበብ አድርገው ይመልሱት። ሲወጣ ይፈናጠራልና መነጽር ያድርጉ፤ ስለቱንም አስቀድመው በወፍራም ፕላስተር ይጠቅልሉት።

ይዤው ብወጣ ሕግ ያስቸግረኛል?

በአውሮፕላን ከእጅ ሻንጣ ጋር አይገባም፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያድርጉት። ሌላው እንደ አገሩ ነው። በእንግሊዝ አገር ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መንቀሳቀስ የሚፈቀደው ስለቱ ከ3 ኢንች (7.62 ሳንቲ ሜትር) ያልበለጠና የማይቆለፍ ሰንጢ ነው፤ ስለዚህ ቁጥር 8 አይፈቀድም፣ ማቆለፊያ የሌለው ቁጥር 5 ግን ያልፋል። በእስራኤልም ከመደበኛው የቢላዋ ክልከላ ነጻ የሆነው እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ስለት ያለው፣ ተቆልፎ እንደማይታጠፍ ቢላ የማይሆን ሰንጢ ነው፤ ቀለበት ያለው ኦፒኔል እዚህ ውስጥ አይመደብም፣ ስለዚህ ወደ ሽርሽር ሲሄዱ ከምግቡ ጋር ቦርሳ ውስጥ እንጂ ኪስ ውስጥ አይያዙት። በአሜሪካ እንደየክፍለ ግዛቱ ይለያያል፤ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሕንጻ የሚፈቀደው ከ2.5 ኢንች በታች ስለት ያለው የኪስ ሰንጢ ነው። ሕጎች ይሻሻላሉና ከመጓዝዎ በፊት የሚሄዱበትን ቦታ ደንብ ያረጋግጡ።

ለረጅም ጊዜ ሳልጠቀምበት ላስቀምጠው ብል?

አጽድተውና አድርቀው ስለቱን በቀጭኑ ዘይት ይቀቡት፤ ፋርማሲ የሚሸጠው ፈሳሽ ፓራፊን ይሆናል፣ አይሻግትም። ሪቬቱ ላይ አንድ ጠብታ ይጨምሩ። በቆዳ ሰገባ ውስጥ አይተዉት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ካርቦኑን ብረት በወራት ውስጥ ያዝገዋል። በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ከወጥ ቤቱ እንፋሎት ርቆ በሚገኝ መሳቢያ ያስቀምጡት፤ ክረምት ሲገባና ሲወጣ አንዴ ከፍተው ዘግተው ይዩት።